የሞተሬ ጥቁር ቀለም ከ9 ወር በኋላ፦ «9005» ብሎ ማዘዝ አይበቃም

መቀመጫውን ያነሳሁት ባትሪውን ለማየት ነበር። ከሥሩ ያለው ሻንሲ ድብን ያለ ጥቁር ነው፤ ባለፈው ነሐሴ ከቀቢዎቹ ቤት ስረከበው እንደነበረው ያብረቀርቃል። ከዚያ አንድ ስንዝር ወረድ ብሎ ፀሐይ የሚያገኘው ቱቦ ግን አመድ መስሏል። ጣቴን ባሳልፍበት ነጭ ዱቄት ይዞ ወጣ፣ እንደ ጠመኔ። ባትሪውን ረስቼ እዚያው ቁጭ አልኩ።

ሞተሩ አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ነው። ሁለት ዓመት ዕቃ እየለቀምኩ ነው ያደስኩት። ሻንሲውን፣ የኋላ ሹካውንና የመሪውን መያዣ ፓውደር ኮት (ብረት ላይ ተነፍቶ በምድጃ የሚበስል የዱቄት ቀለም) ያስደረግኩት ከተለመደው ፈሳሽ ቀለም ይልቅ ጠጠር ይችላል ስለተባልኩ ነው። እሱ እውነት ነው። የእንጦጦ ኮረኮንች አንድም ቦታ አልላጠውም፣ ዝገትም የለም።

የተሳሳትኩት ስመርጥ ነው። ሳምንት ሙሉ የተጨነቅኩት ማት (የማያብረቀርቅ) ይሁን ወይስ የሚያብረቀርቅ በሚለው ነበር። በመጨረሻ «ራል 9005፣ የሚያብረቀርቅ» ብዬ አዘዝኩ፤ ራል የቀለም መልኮች የቁጥር ዝርዝር ነው፣ 9005 ደግሞ ጥቁር። ቁጥሩን ስለያዝኩ ሁሉን የጨረስኩ መሰለኝ። ቁጥሩ ግን የሚናገረው ስለ መልኩ ብቻ ነው። ዱቄቱ ከምን እንደተሠራ አይነግርህም። ኢፖክሲ ከሚባለው ሙጫ የተሠራውም 9005 አለው፣ ፖሊስተር ከሚባለው የተሠራውም አለው። 200 ዲግሪ አካባቢ በስለው ከምድጃ ሲወጡ በዓይን አይለዩም። የሚለዩት ደጅ ከዋሉ በኋላ ነው። ኢፖክሲ ብረት ላይ አጥብቆ ይይዛል፣ ለኬሚካልም ጠንካራ ነው፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ግን ላዩን ይበላዋል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ተመልሼ ሄጄ ጠየቅኳቸው። የቢሮ መደርደሪያ በሚቀቡበት ኢፖክሲ ነበር የቀቡልኝ።

«ፀሐይ ላይ ለምን ታቆመዋለህ?» የሚል ሻጭ ካለ፣ ሞተር እኮ ነው፤ ውሎው ደጅ ነው። «ሰም ቀባው፣ ይመለሳል» ለሚለኝም ቀብቼ አይቼዋለሁ። ሳጥበው አዲስ ይመስላል። ውሃው ሲደርቅ መልሶ ይነጣል። ሰሙ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቆየም። «ርካሹን ፈልገህ ነው» የሚለኝ ካለ ደግሞ በጣም እከፋለሁ። ልዩነቱን ቢነግሩኝ ጨምሬ እከፍል ነበር። «ዕቃው ደጅ ነው የሚውለው ወይስ ቤት ውስጥ?» ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ይቺን አንዲት ጥያቄ ቢጠይቁኝ ኖሮ የሁለት ዓመት ልፋቴ በ9 ወር አመድ አይመስልም ነበር።

የባትሪው ኔጋቲቭ ሽቦ ከሻንሲው ጋር የሚታሰርበትንም ቦታ ሳይሸፍኑ ቀብተውታል። መብራቱ እምቢ ሲለኝ ነው ያወቅኩት። ፍቄ አስተካከልኩት፣ እሱ ቀላል ነው።

ፓውደር ኮት በማስደረጌ አልጸጸትም። በዚህ ዱቄት በመቀባቴ ግን አንጀቴ አሯል። ልታስቀቡ የምታስቡ ካላችሁ የአሉሚኒየም መስኮትና በር የሚቀባ ቤት ሂዱ። እነሱ ደጅ የሚውል ፖሊስተር አያጡም። የዱቄቱን ካርቶን አሳዩኝ በሉ። ኳሊኮት የሚል የጥራት ምልክት ካለው ጥሩ ነው። የዚያ ክላስ 1 ዱቄት ፍሎሪዳ ፀሐይ ላይ አንድ ዓመት ተሰጥቶ፣ ቢያንስ ግማሽ አንጸባራቂነቱን ይዞ መገኘት አለበት። ክላስ 2 ደግሞ እዚያው ፀሐይ ላይ ሦስት ዓመት ይቆያል። ስለ ማትና ስለሚያብረቀርቀው ከዚያ በኋላ ተጨነቁ። እኔ አሁን ግማሽ የሚያበራውን ነው የምመርጠው፤ ማቱ የእጅ ቅባት ይይዛል።

ሻንሲውን እንደገና አስፍቄ ላስቀባው ነው፤ ግን አልቸኩልም። ሁለት ቁራጭ ላሜራ በሁለት ዓይነት ፖሊስተር አስቀብቼ ግማሽ ግማሻቸውን በፕላስተር ሸፍኜ ጣሪያ ላይ አስሬአቸዋለሁ። ፕላስተሩን የማነሳው የመጪው ዓመት በጋ ሲያልቅ ነው።