የኅዳር ወፎችን ፍለጋ ከባሕር ዳር እስከ ጭምባ

በመፀው ማብቂያ፣ በኅዳር መጨረሻ ሳምንት፣ ወፎችን ለማየት ከባሕር ዳር ተነሥቶ ግማሹን በጀልባ፣ ግማሹን በመኪና የሚያስጎበኝ አገልግሎት ተከራይተን ነበር። ቀጠሯችን ከንጋቱ 12 ሰዓት ቢሆንም የተነሣነው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ብዙው ወፍ ደንገል ውስጥ ስለሚሸሸግ ይህ መዘግየት እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም። ለስድስት ሰው የቀረበልንም አንድ አቅራቢ መነጽር ብቻ ሲሆን፣ እሱም የአንድ ዐይኑ መስታወት የደበዘዘ ነበር።

አስጎብኚው ግን ሥራውን ያውቃል። ሞተሩን አስጠፍቶ በመቅዘፊያ ብቻ ወደ ዳር ሲያስጠጋን፣ ዓሣ በል ንስር ነጭ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልብሶ ሲጮኽ ከአሥር ሜትር በማይበልጥ ርቀት አየን። ጣና ሐይቅ አጠገብ ባለው ጭምባ ረግረግ ዳር ደግሞ ከሰሜን አውሮፓ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡ ክሬን የሚባሉ እግራቸውና አንገታቸው ረጃጅም የሆኑ ግራጫ ወፎች ከታጨደ ማሳ ላይ ሲለቅሙ አሳየን። ከእነርሱ ራቅ ብሎ፣ አገጩ ሥር ሁለት የቆዳ ጉትቻ የሚንጠለጠልለት፣ በዓለም ደረጃ ቁጥሩ እየተመናመነ ያለው ባለ ነጭ አንገቱ ዋትልድ ክሬን ለብቻው ቆሞ ነበር። ለእኔ የከፈልኩትን ገንዘብ ያካካሰልኝ እሱ ነው።

መሄድ የሚፈልግ ሰው የራሱን መነጽር ይያዝ፤ የመነሻውንም ሰዓት ቀብድ ከመክፈሉ በፊት በጽሑፍ ያስፈርም።