ስማርቲ፦ የድሮው የፒኤችፒ ቴምፕሌት ለአማርኛ ሳይት ዛሬም ይሆናል?

ስማርቲ የገጽን መልክ ከፒኤችፒ ኮድ ለይቶ ለመጻፍ የሚያገለግል የቴምፕሌት መሣሪያ ነው። በስማርቲ 2 የተሠራ ሳይት በእጁ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ ሁሉንም አፍርሶ እንደ አዲስ መሥራት ነው። ለአብዛኛው ሳይት ይህ ከንቱ ድካም ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ስማርቲ 5 በኮምፖዘር (የፒኤችፒ ፓኬጅ መጫኛ) በነጻ ይጫናል፤ ከድሮዎቹ የቲፒኤል (የቴምፕሌት) ፋይሎች አብዛኞቹንም በጥቂት እርማት ይቀበላል። አማርኛ ለሚጽፍ ሳይት ደግሞ ከስሪት 2 መውጣት ግዴታ ነው።

ዋናው ምክንያት ትራንኬት ነው። ይህ ሞዲፋየር (የተለዋዋጭን ይዘት ለውጦ የሚያወጣ ትእዛዝ) ረጅም ጽሑፍ ቆርጦ መጨረሻው ላይ ሦስት ነጥብ ያደርጋል፤ ልኩን ካልነገሩት በ80 ይቆርጣል። ስማርቲ 2 የሚቆጥረው ግን ፊደል ሳይሆን ባይት ነው፤ በዩቲኤፍ 8 (ጽሑፍ በኮምፒውተር የሚቀመጥበት ኮድ) አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ለሦስቱ ነጥቦች 3 ሲቀነስ የሚተርፈው 77 ባይት ነው፤ ይህም 25 ፊደልና 2 ባይት ማለት ነው። ቃላቱ በክፍት ቦታ ከተለያዩ ቢያንስ ሙሉ ቃል ላይ ያቆማል። በሁለት ነጥብ (፡) ከተለያዩ ግን ክፍት ቦታ ስለማያገኝ 26ኛውን ፊደል መሃሉ ላይ ይሰብረዋል፤ አንባቢው � የሚል ምልክት ያያል። ቁጥሩን 240 አድርጎ ማለፍ መፍትሔ አይደለም፤ እንግሊዝኛና አኃዝ ሲቀላቀሉ ልኩ ይፋለሳል። ከስማርቲ 3 ወዲህ፣ ሰርቨሩ ላይ ኤምቢስትሪንግ የተባለው የፒኤችፒ ማስፋፊያ ካለ፣ ቆጠራው በፊደል ነው።

ጽሑፍ እንደ ኤችቲኤምኤል ኮድ እንዳይነበብ የሚያደርገው ሞዲፋየር፣ ኤስኬፕም፣ በስሪት 2 ችግሩ ያው ነው። «ኤችቲኤምኤል ኦል» ከተባለ ጽሑፉን እንደ አይኤስኦ 8859-1 (የላቲን ፊደላት ኮድ) ስለሚያየው አማርኛው የላቲን ቁርጥራጭ ሆኖ ይወጣል። «ኤችቲኤምኤል» ብቻ ቢባል ይበቃል።

የቀን ነገር በስሪት 5ም አልተፈታም፤ ቀን የሚያሳየው ሞዲፋየር፣ ዴት ፎርማት፣ የኢትዮጵያን አቆጣጠር አያውቅም። የፒኤችፒ ኢንትል ማስፋፊያ ግን ኢትዮፒክ የተባለውን ካላንደር ያውቃል። በእሱ አጭር ፈንክሽን ጽፎ በሬጂስተር ፕለጊን (የስማርቲ መመዝገቢያ ፈንክሽን) ሞዲፋየር ማድረግ ነው። የሰዓት ክልሉን አዲስ አበባ ማድረግ አይረሳ፤ ካልሆነ ሌሊት የወጣ ዜና የትናንት ቀን ሊይዝ ይችላል።

ወደ 5 ሲሻገሩ የሚሰበሩት በዋናነት ሁለት ናቸው። በቴምፕሌቱ ውስጥ ጥሬ ኮድ ይጻፍበት የነበረው የፒኤችፒ ታግ ተነሥቷል፤ ኮዱ ወደ ፒኤችፒ ፋይል መዛወር አለበት፣ የከረመ ሳይት ላይ ትልቁ ሥራም ይኸው ነው። እንደ ሞዲፋየር ያገለግሉ የነበሩ የፒኤችፒ ፈንክሽኖችም አንድ በአንድ መመዝገብ አለባቸው። በአንጻሩ ጃቫስክሪፕቱን ሁሉ ስማርቲ ውስጡን እንዳያነብ በሚያደርገው በሊተራል ታግ መጠቅለል ቀርቷል፤ ከኋላው ክፍት ቦታ ያለውን ጥምዝ ቅንፍ ስማርቲ አይነካውም። የተጨመቀ (ክፍት ቦታው የወጣለት) ጃቫስክሪፕት ግን አሁንም ይጠቀለል።

ስማርቲ ከቴምፕሌቶቹ ያዘጋጃቸውን ፋይሎች የሚያስቀምጥበትን፣ ቴምፕሌትስ ሲ የተባለውን ፎልደር 777 (ማንም የሚጽፍበት) ከማድረግ ባለቤትነቱን ለዌብ ሰርቨሩ ተጠቃሚ መስጠትና ከፐብሊክ ፎልደሩ ውጭ ማስቀመጥ ይሻላል።

ለአዲስ ሥራ ትዊግ (ሌላ የፒኤችፒ ቴምፕሌት መሣሪያ) ይመረጣል፤ ከተጠቃሚ የመጣን ጽሑፍ ሳይነገረው ኤስኬፕ ያደርጋል። ስማርቲ 5 ይህን የሚያደርገው ሴት ኤስኬፕ ኤችቲኤምኤል ሲበራ ብቻ ነው። ሲበራም ከኤዲተር የመጣው የዜና አካል ከነታጉ ገጹ ላይ ይታያል፤ እዚያ ተለዋዋጭ ላይ ኤስኬፑን የሚያስቀረውን ኖፊልተር መጨመር ያስፈልጋል።