የባለዛጎል የባህር ምግብ መርዝ ፈጣን መመርመሪያ፦ ለማጣሪያ ጥሩ ነው፣ ብቻውን ግን አይበቃም

መመርመሪያው ሙስል (ባለሁለት ዛጎል የባህር እንስሳ) እና መሰሎቹ ውስጥ የሚጠራቀመውን ሽባ አድራጊ መርዝ፣ ሳክሲቶክሲንን፣ በደቂቃዎች የሚያሳይ ስትሪፕ (ቀጭን የመመርመሪያ ቁራጭ) ነው። አነባበቡ የእርግዝና መመርመሪያ ተቃራኒ ነው፦ መርዙ በበዛ ቁጥር የመመርመሪያው መስመር ይደበዝዛል። የመቆጣጠሪያው መስመር ካልወጣ ውጤቱን ጣሉትና በአዲስ ስትሪፕ ድገሙ።

አንድ ሙስል ብቻ አትመርምሩ፤ የመርዙ መጠን ከአንዱ ወደ ሌላው በጣም ይለያያል። ቢያንስ 12 ያህል ከፍታችሁ፣ ሥጋውን አጥባችሁና ውሃውን አጠንፍፋችሁ አንድ ላይ ፍጩ። ከተፈጨው ሥጋ በአሲድ የወጣው ጭማቂ በባፈር (አሲድነቱን በሚያረጋጋ ፈሳሽ) በልኩ ካልቀጠነ መስመሩ ይዛባል።

ትልቁ ድክመቱ የብዙዎቹ ስትሪፖች አንቲቦዲ (መርዙን ለይቶ የሚይዘው ፕሮቲን) የሳክሲቶክሲን ዘመድ የሆነውን ኒዮሳክሲቶክሲንን በደንብ አለመያዙ ነው። ይህ መርዝ በሚበዛበት ባህር «ነጻ» የተባለ ናሙና ለምግብ ከተፈቀደው በኪሎ የ800 ማይክሮግራም ገደብ ሊያልፍ ይችላል፤ መቀቀልም መርዙን አያጠፋውም። ለሽያጭ የሚቀርበውን ላቦራቶሪ ያረጋግጠው።