ካሜራ ወይስ አረንጓዴ ሌዘር?
ወዳጅነት ፓርክ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ውስጥ የሆነ ዕቃ ሰጠመ እንበል። ከአየር ላይ ለመፈለግ የድሮን ካሜራ አለ፤ አረንጓዴ ሌዘርም አለ። (የድሮን ፈቃድ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው፤ እንለፈው።)

ካሜራው ርካሽ ነው። ጠላቱ ነጸብራቅ ነው። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወደ አናት ትጠጋለች፤ ቁልቁል የሚያይ ካሜራ የሚያነሳው ብልጭታ ነው። ስለዚህ ጠዋት ማብረር፣ ሌንሱ ላይም ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ማጣሪያ) መግጠም ያዋጣል። ፖላራይዘሩ ግን ቁልቁል ሲያዩበት እምብዛም አይረዳም፤ ካሜራው ከቁልቁል 53 ዲግሪ ያህል ዘንበል ሲል ነው ጉልበቱ የሚታየው። ጥልቀትም ያሳስታል፦ ከአናቱ ሲታይ 4 ሜትር ላይ ያለ ዕቃ 3 ሜትር ላይ ይመስላል።

እዚህ ላይ ሌዘሩ ይበልጠዋል። የሞገድ ርዝመቱ 532 ናኖሜትር የሆነው አረንጓዴ ብርሃኑ ከውሃው ገጽና ከታች ካለው ነገር ለየብቻ ይመለሳል፤ የጊዜ ልዩነቱ ጥልቀቱን ይናገራል። ማታም ይሠራል። ዋጋው ግን አይቀመስም።

ውሃው ከጠራ እኔ ለፓርኩ ካሜራው ይበቃል ባይ ነኝ። ቀበና ወንዝ በክረምት ሲደፈርስ ግን ሁለቱም አይረቡም፤ ጭቃው ብርሃኑን በትኖ ያስቀረዋል።