ልደታ፣ ሰንጋ ተራና ካዛንቺስ፦ ቤት ፍለጋ ያዞረን የድለላ ቢሮና ያሳየን ሰፈሮች

ከግንቦት 2017 እስከ ጥቅምት 2018 ዓ.ም ድረስ በመሐል አዲስ አበባ የሚገዛ ቤት ስንፈልግ ቆይተን በመጨረሻ ልደታ ኮንዶሚኒየም አንደኛ ፎቅ ላይ ገብተናል። ያዞረን ሜክሲኮ አካባቢ የሚገኝ አንድ የድለላ ቢሮ ነው። ስሙን መጥራት አልፈልግም። የሠራልንን ግን፣ መልካሙንም ጉድለቱንም፣ በዝርዝር የምጽፈው ቤት ገዢ በአብዛኛው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ደላላ ዘንድ የሚሄድ ስለሆነና እኛም እንዲህ ያለ ጽሑፍ አስቀድመን ብናገኝ ኖሮ ቢያንስ ሁለት ወር ይተርፈን ስለነበር ነው። ባጭሩ፣ ቢሮው ቤት ማሳየት ያውቅበታል፤ ሰፈሩን ማስረዳት ግን ሥራዬ ብሎ አልያዘውም። የእኛ ቤተሰብ ደግሞ በቤቱ ስፋትና በወለሉ ዓይነት ብዙም አልተቸገረም፤ የተቸገርነው ሰፈር በመምረጡ ላይ ነው።

ባለቤቴ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ትሠራለች፤ እኔ የምውለው አራት ኪሎ ነው። ሁለት ልጆች አሉን፤ ጉልበቷን የሚያማት እናቴም ከእኛ ጋር ናት። ስለዚህ ከተማው ዳር ሄዶ ሰፊ ቤት መግዛት ይቻል የነበረ ቢሆንም፣ በየቀኑ በመንገድ ላይ የሚጠፋውን ሰዓት አስበን ጠበብ ቢልም መሐል ለመሆን ወሰንን። ይህንን ለደላላው በመጀመሪያው ቀን በግልጽ ነግረነዋል።

ከአገልግሎቱ መልካም ጎን ልጀምር። ደላላው በቀጠሮው ሰዓት ይገኛል፤ ስልክ ሲደወልለት ያነሣል፤ ቤት ለማሳየት ብቻ ብሎ ገንዘብ አልጠየቀንም። ኮሚሽኑ ከገዢ 2 በመቶ እንደሆነ ገና ሳንነሳ ነግሮናል፤ መጨረሻ ላይም ከዚያ አልጨመረም። በአንድ ወር ውስጥ አሥራ አንድ ቤት አይተናል፤ ለብቻችን ብንሄድ ግማሹን በር የሚከፍትልን ሰው አናገኝም ነበር። በዚህ በኩል የሚገባውን ምስጋና አልነፍገውም።

በመጀመሪያ የወሰደን ካዛንቺስ ነው። ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉት ቤቶች ነው ይባላል። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽንና ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን ቅርብ ናቸው፤ ለባለቤቴም ሆነ ለእኔ መንገዱ ቀና ነው። ይሁን እንጂ በ2016 ዓ.ም ከፒያሳና ከአራት ኪሎ የጀመረው የኮሪደር ልማት በ2017 ዓ.ም ካዛንቺስ ደርሶ፣ ብዙው ነባር መንደር ተነሥቷል። ያየነው ቤት ከዚያ የተረፈ፣ በዕድሜ የገፋ ግን በደንብ የተያዘ የግል ቤት ነበር። በግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ የኮክ ዛፍ አለ፤ ልጆቼ ከዛፉ ሥር አልነሣም አሉ። ደላላው «ልማቱ አልፏል፣ ከእንግዲህ የሚነካው የለም ጋሼ» አለኝ። ይህን ያለው ወረቀት አይቶ እንደሆነ ስጠይቀው አላየም።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ ገዢን የሚጎዳው ነገር ያለው እዚህ ነውና። በ1967 ዓ.ም የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ከሆነ ወዲህ ማንም ሰው መሬት አይገዛም፤ የሚገዛው ቤቱንና በቦታው የመጠቀም መብትን ነው። ስለዚህ ገዢው ሊያውቅ የሚገባው የግድግዳውን ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን፣ ያ መብት በምን ዓይነት ይዞታ ላይ እንደቆመና ከተማው ለቦታው ምን እንዳሰበለት ጭምር ነው። የካዛንቺሱ ቤት ነባር ይዞታ፣ ማለትም ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ ቦታ፣ ነበር። በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት ደግሞ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን የሚይዘው በሊዝ፣ ማለትም ለተወሰነ ዘመን ከመንግሥት ጋር በሚገባ የክፍያ ውል፣ ነው። ሻጩ ለዓመታት የኖረበት ሁኔታ ለእኛ እንደማይተላለፍልን ደላላው አልነገረንም፤ የሚያውቀውም አይመስለኝም። የይዞታ ማረጋገጫ ካርታውን ቅጂ ይዘን ክፍለ ከተማ ሄደን ባለሙያ ስናነጋግር፣ ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ለቅይጥ አገልግሎት (መኖሪያና ንግድ ለሚቀላቀሉበት) ከተመደቡት መካከል እንደሆነ ተረዳን። ይህ ማለት ቤቱ ነገ ይነሣል ማለት አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ለሃያ ዓመት እኖርበታለሁ ብሎ የሚገባበት ቦታ እንዳልሆነ ግልጽ ነው። ፕላኑ ራሱ ከ2009 እስከ 2019 ዓ.ም የሚያገለግል በመሆኑ፣ ቀጣዩ ምን ይዞ እንደሚመጣ መገመት ሌላ ጭንቀት ነው። ካሳ አለ፤ ምትክም አለ። ሆኖም እናቴን በዚህ ዕድሜዋ ከጎረቤት ጋር አላምዶ እንደገና ማንሣት በካሳ የሚመለስ ነገር አይደለም። የኮኩን ዛፍ ትተን ወጣን።

ሰንጋ ተራ ቀጥሎ መጣ። ያየነው እጣቸው በ2009 ዓ.ም ከወጣው የ40/60 ቤቶች (ገዢው 40 በመቶውን ቆጥቦ ቀሪውን 60 በመቶ በባንክ ብድር የሚከፍልባቸው የመንግሥት ፕሮግራም ቤቶች) አንዱን ነው። አሳንሰር አለው፤ በረንዳው ላይ ሲቆም በ2014 ዓ.ም የተመረቀው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሕንፃ ከፊት ለፊት ይታያል። ክፍሎቹ ሰፋፊ ናቸው፤ ለባለቤቴ በእግር የሚያስኬድ ርቀት ነው። እንደ ሕንፃ ካየናቸው ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር ብዬ ለመናገር አላመነታም። ሁለት ነገሮች ግን አስቆሙን። አንደኛው ዋጋው ነው፤ በተጨማሪም ለአሳንሰር፣ ለጄኔሬተርና ለጥበቃ በየወሩ ለነዋሪዎች ማኅበር የሚዋጣው ገንዘብ አለ፤ ይህንንም የነገረን ደላላው ሳይሆን ከአሳንሰሩ አብራን የወረደች አንዲት ነዋሪ ናት። ሁለተኛውን ያገኘሁት ለብቻዬ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተመልሼ ስሄድ ነው። ቀን በባንክና በመሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሚሞላው መንገድ ማታ ጭር ይላል። እናቴ ደግሞ ቀን አብራን ስትመጣ ዙሪያውን ካየች በኋላ «እዚህ ሽንኩርት ከማን ይገዛል?» ብላ ጠይቃ ነበር። መልስ አልነበረኝም። ወጣት ባለትዳሮች ሱፐርማርኬት ይበቃቸው ይሆናል፤ ጉሊትና ወፍጮ ቤት በእግሩ ለሚፈልግ ሰው ግን ይህ ትንሽ ጥያቄ አይደለም። ከባንክ ብድር ጋር የተያያዘ ቤት ለሚገዛም ሰው፣ የሻጩ ዕዳ ተከፍሎ ማለቁን በጽሑፍ ሳያይ እንዳይንቀሳቀስ አሳስባለሁ።

ልደታ ሦስት ጊዜ ሄድን፤ እሑድ ጠዋት፣ በሥራ ቀን ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ደግሞም በነሐሴ ዶፍ ዝናብ በሚጥልበት ምሽት። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ነባሩ መንደር ተነሥቶ በመልሶ ማልማት የተሠራ ሰፈር ነው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም ነበረው፤ ካዛንቺስ ዛሬ በሚያልፍበት መንገድ ልደታ ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት አልፎበታል። የጋራ ሕንፃ ባለቤትነት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የሚተዳደር ስለሆነ፣ የራስ የሆነውና የጋራ የሆነው በመዝገብ ተለይቶ ይታወቃል። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የቀላል ባቡር ሁለቱም መስመሮች ከልደታ እስከ ስታዲየም አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ስለዚህ ወደዚያ አቅጣጫ ለሚሄድ ሰው የሁለቱም መስመር ባቡር ያገለግለዋል። ባለቤቴ በሃያ ደቂቃ ገደማ በእግሯ ሥራ ትደርሳለች። እኔ በታክሲ እሄዳለሁ፤ ያኔ ለሰልፉ ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ደላላው መጀመሪያ ያሳየን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ፣ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ነው። ሕንፃው አሳንሰር የለውም። እናቴ የደረጃውን ብረት በአንድ እጇ ይዛ፣ ነጠላዋን በሌላው ሰብስባ፣ እያንዳንዱን ደረጃ በሹክሹክታ እየቆጠረች ወጣች። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ ቆመች። በየበሩ ጎን ቢጫ ጀሪካኖች ተደርድረዋል፤ አንዱን ገልብጣ ተቀመጠችበት። ደላላው በትሕትና «ቀስ እያሉ ይለምዱታል እማማ» አላት። እሷም «ልጄ፣ ጉልበት ያረጃል እንጂ አይለምድም» ብላ መለሰችለት። ይህን ቤት ያሳየን፣ ስለ ጉልበቷ በመጀመሪያው ቀን የነገርነው ሰው መሆኑ አሁንም ያሳዝነኛል። ክፋት አልነበረበትም፤ በእጁ ያለው እሱ ስለነበር ነው። ገዢ የነገረውን ጽፎ የማይዝ ቢሮ ግን የሰውን ቀን ያባክናል።

ጀሪካኖቹ ሌላም ነገር ነገሩን። ደላላው ስለ ውሃ ስጠይቀው «ችግር የለም» ነበር መልሱ። ስንወጣ በር ላይ የተቀመጡትን የጥበቃ አባት ጠየቅኋቸው። «ማክሰኞና ቅዳሜ ሌሊት ነው የሚመጣው፤ ታች ያሉት ይሞላሉ፤ ላይ ያሉት ጉልበት ያለው ሲሆን ነው የሚደርሳቸው» አሉኝ። ውሃ በፈረቃ መምጣቱ ልደታን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ብዙው የአዲስ አበባ ሰፈር እንዲሁ ነው። ነገር ግን በአንድ ሕንፃ ውስጥ እንኳ በፎቅና በፎቅ መካከል ይህን ያህል ልዩነት እንዳለ ያወቅነው ከጥበቃው ነው። ስለ ሰፈሩ ከሰማነው ሁሉ ትክክለኛውና ጠቃሚው መረጃ የተገኘው ከእሳቸውና በሕንፃው ጥግ ጀበና ቡና ከምታፈላው ልጅ ነው። እሷ ደግሞ የትኛው ሕንፃ ሥር ያለው ግሮሰሪ እስከ እኩለ ሌሊት ሙዚቃ እንደሚያሰማ፣ በክረምት የትኛው ቦይ ሞልቶ መንገዱን እንደሚዘጋ ነገረችን። በነሐሴው ምሽት የተመለስነው ያንን ለማየት ነበር፤ እውነቷን ነበር፤ ስለዚህ በዚያ በኩል ያለውን ሕንፃ ተውነው።

የልደታ ጉድለትም ይጻፍ። በሥራ ቀን ጠዋት ለፍርድ ቤት ጉዳይ የሚመጣው ሰው ብዙ ስለሆነ፣ መኪና ያለው ነዋሪ ማቆሚያ ይቸግረዋል። የባቡሩ ድምፅ ወደ ሐዲዱ በኩል ባሉት ሕንፃዎች ጎልቶ ይሰማል። የልደታ ማርያም ቅዳሴ ሌሊት ይሰማል፤ ለእናቴ ይህ በረከት ነው፤ እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሰው ግን አስቀድሞ ይወቀው።

አንደኛ ፎቅ ላይ 55 ካሬ ሜትር የሆነ ቤት ሲገኝ፣ ቢሮው ከሁሉ የከበደውን ስህተቱን ሠራ። «ሌላ ገዢ ነገ ይመጣል» በማለት በዚያው ዕለት በቢሮው ፎርም ላይ ፈርመን ቀብድ እንድንከፍል አጥብቆ ጠየቀን። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ውል በጽሑፍ መሆን ብቻ ሳይሆን በፍርድ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት መመዝገብ እንዳለበት የሚያውቅ ቢሮ፣ ደንበኛውን እንዲህ ማጣደፍ አልነበረበትም። እምቢ አልን። በማግሥቱ ካርታውን አስመርምረን፣ ዕዳና እግድ እንደሌለበት አረጋገጥን። ሆኖም ሻጩ ባለትዳር ነው፤ ሚስቱ ውጭ አገር ናት። ቤቱ የጋራ ሀብት በመሆኑ ያለ እሷ ስምምነት ሊሸጥ አይችልም። ውክልናው ተልኮ እስኪደርስ ድረስ አምስት ሳምንት ፈጀ። ሻጩ ቅን ሰው ስለሆነ ጉዳዩ በሰላም አለቀ፤ ነገር ግን ቀብዱን በዚያ ምሽት ከፍለን፣ ሚስቱ አልስማማም ብትል ኖሮ፣ ያ ወረቀት አያድነንም ነበር።

የስም ማዛወሪያውና የቴምብር ቀረጡም የተነገረን ውል ልንዋዋል ሦስት ቀን ሲቀረን ነው። በቤቱ ዋጋ ላይ በመቶኛ የሚሰላ ስለሆነ ገንዘቡ ቀላል አይደለም፤ ከወንድሜ ተበድሬ ሞላሁ። ኮሚሽኑን በመጀመሪያው ቀን መናገር ያልረሳ ቢሮ ይህንንም አብሮ ሊናገር ይገባው ነበር።

ወዳጆቼ ሲጠይቁኝ፣ በሮችን ለማስከፈት ወደዚህ ቢሮ እልካቸዋለሁ፤ ለወረቀቱ ግን የሕግ ባለሙያ እንዲይዙ፣ ስለ ሰፈሩም በሦስት የተለያዩ ሰዓታት ራሳቸው ሄደው እንዲያጣሩ እነግራቸዋለሁ። ለቢሮው ኃላፊም ይህንኑ በአካል ነግሬዋለሁ፤ በጥሞና አዳመጠኝ፤ የደንበኛን ጥያቄ የሚመዘግቡበት ደብተር እንደሚያዘጋጅም ቃል ገባ።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለው ባለ ሁለት መኝታ ቤት እስካሁን አልተሸጠም። ብርሃኑ ጥሩ ነው፤ ከግሮሰሪውም ከሐዲዱም ይርቃል። ጉልበት ላላቸውና አዛውንት ለሌሉበት ቤተሰብ የሚስማማ ነው፤ ከመዋዋላቸው በፊት ግን ለፓምፕና ለሮቶ የሚሆን ገንዘብ ከዋጋው ላይ ይደራደሩ።