አፈ ታሪክ ያለው የገጠር ርስት ለመግዛት፦ እንግሊዝ ወይስ ፈረንሳይ?

አውሮፓ የሚኖሩ ወዳጆቼ የመካከለኛው ዘመን አፈ ታሪክ ያለበትን አሮጌ ርስት ገዝተው ለመኖር ወይም የእንግዳ ማረፊያ ለማድረግ ሲያስቡ፣ እንግሊዝ ይሻል እንደሆነ ወይም ፈረንሳይ ደጋግመው ይጠይቁኛል። በአሮጌ ቤቶች ጥገና ላይ ለረጅም ጊዜ የሠራሁ እንደመሆኔ መልሴ ፈረንሳይ ነው።

በለንደን ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ በሚገዛበት ገንዘብ በፈረንሳይ ገጠር ሰፊ መሬት ያለው ሻቶ (የባላባት ግንብ ቤት) ይገኛል። በእንግሊዝ 1 ሚሊዮን ፓውንድ ለሚያወጣ ቤት የቴምብር ቀረጡ 43,750 ፓውንድ ሲሆን፣ ገዢው ሌላ ቤት ካለው 50,000፣ ነዋሪነቱ ከብሪታንያ ውጭ ከሆነ ደግሞ ሌላ 20,000 ይጨመርበታል። በፈረንሳይ ቀረጡና የውል አዋዋዩ ክፍያ ተደምሮ ከዋጋው ከ7 እስከ 8 በመቶ ገደማ ነው። ብቸኛ ቤቱን ለሚገዛ የእንግሊዝ ነዋሪ የእንግሊዙ ቀረጥ ያነሰ መሆኑ እውነት ነው፤ ልዩነቱን ግን የመጀመሪያው የጣሪያ ጥገና ይበላዋል። እንግሊዝ ውስጥ በጥገና ላይ 20 በመቶ ቫት ይከፈላል፤ ፈረንሳይ ውስጥ በአሮጌ መኖሪያ ቤት እድሳት ላይ አብዛኛውን ጊዜ 10 በመቶ ነው። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነም የፈረንሳይ መንግሥት ከጥገናው ወጪ ከፊሉን ሊሸፍን ይችላል፤ ቤቱን 15 ዓመት ለማቆየት የተስማማ ባለቤትም የጥገና ወጪውን ከሚታክስ ገቢው ላይ መቀነስ ይፈቀድለታል። በእንዲህ ዓይነት ቤት ላይ የጥገና ፈቃድ ማግኘት ግን ጊዜ ይወስዳል።

ቤቱን ሲጎበኙ ከሥዕሎቹ በፊት የግድግዳውን ግርጌ ይመልከቱ። ከወለሉ እስከ ጉልበት የእርጥበት ምልክት ካለና ልስኑ በጣት አንጓ ሲመታ ባዶ ድምፅ ከሰጠ፣ የጥንቱ ኖራ ተነሥቶ በሲሚንቶ ተተክቶ ሊሆን ይችላል። ሲሚንቶው እርጥበቱን ስለሚያፍነው ድንጋዩ ከውስጥ ይበሰብሳል። ደላላው «አዲስ የታደሰ» ባለው አንድ ቤት ልስኑን ስናነሣ ድንጋዩ እንደ ዱቄት ተንኮታኩቶ አብሮ ወረደ። እንግሊዝ ውስጥ ይህ የበለጠ ያስከፍላል፤ የቀድሞው ባለቤት በቅርስነት በተመዘገበ ቤት ላይ ያለ ፈቃድ የሠራውን፣ ምንም ያህል ዓመት ቢያልፈው፣ አዲሱ ባለቤት አፍርሶ እንዲያስተካክል ሊታዘዝ ይችላል። የመካከለኛው ዘመን ዕዳም አለ። በዎሪክሻየር አስተን ካንትሎ የእርሻ ባለቤቶች ከመሬታቸው ጋር በተያያዘ ጥንታዊ ግዴታ ምክንያት የደብሩን ቤተ ክርስቲያን መቅደስ እንዲያሳድሱ እ.ኤ.አ. በ2003 ተፈርዶባቸው፣ የተጠየቁት ገንዘብ ከ180 ሺህ ፓውንድ በላይ ነበር። ጠበቃዎ ይህን ዕዳ ለይቶ ያጣራ።

ስለ አፈ ታሪኩ አንድ ሳንቲም አይጨምሩ። በሰሜን እንግሊዝ ሶክበርን የሚባለው ርስት ባላባቱ ዘንዶ ገድሎበታል ይባላል፤ ገደለበት የተባለው ሰይፍም በደርሃም ካቴድራል ተቀምጧል፤ በርስቱ ላይ ያለው ቤት ግን የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። በፈረንሳይ ፑዋቱ አካባቢም ቅዳሜ ቅዳሜ ከወገቧ በታች እባብ ትሆናለች የተባለችው ሜሉሲን በአንድ ሌሊት ገነባችው የማይባል ግንብ ጥቂት ነው። ጥንታዊ መስሎ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ሻቶም ብዙ ስለሆነ፣ የተመዘገበ ቤት ከሆነ የግንባታውን ዘመን ሜሪሜ በሚባለው የመንግሥት የቅርስ መዝገብ በነፃ ያጣሩ።

በፈረንሳይ ለመኖሪያ የሚገዛ ግለሰብ የመጀመሪያውን ውል ከፈረመ በኋላ ያለ ምክንያት የሚያፈርስበት 10 ቀን አለው። በእነዚህ ቀናት ጣሪያው ላይ የሚወጣ ባለሙያ ይላኩ።