ለበያጃችን ምስጋና፤ የበግ ጠባቂ ቡችላ ማለማመጃ ለምታሠሩም ጥቆማ

ደብረ ብርሃንና አካባቢዋ በግ የምታረቡ ወገኖች፣ ለጠባቂ ቡችላ ማለማመጃ አጥር ልታሠሩ ካሰባችሁ ይህን ባለሙያ ሳታነጋግሩ ብረት አትግዙ። ስልኩን በውስጥ መስመር ለጠየቀን እንሰጣለን። እጁ ይባረክ!

ሜትር ከማውጣቱ በፊት የሚጠይቀው ስለ እንስሳው ነው። ቡችላው ስንት ሳምንቱ ነው? አብረውት የሚገቡት በጎች ይዋጋሉ? ማታስ የት ያድራል? ቡችላ ከበግ ጋር በደንብ የሚላመደው ከ8ኛው እስከ 16ኛው ሳምንት ስለሆነ፣ አጥሩም የሚለካው በዚያን ጊዜ አካሉ ነው።

የሠራልን 4 በ6 ሜትር ሲሆን ከጉረኖው ግድግዳ ጋር ተያይዟል። ለአንድ ቡችላና ለአራት ረጋ ያሉ ሴት በጎች ይበቃል። አውራ በግና አዲስ የወለደች በግ አይግቡ፤ ክፉኛ የተወጋ ቡችላ ከዚያ ወዲያ በግ ባየ ቁጥር ይሸሻል።

ቋሚዎቹ ቱቦላሬ ናቸው፣ 50 ሳንቲ ሜትር ተቀብረው በኮንክሪት ተይዘዋል። ባህር ዛፍ ይረክስ ነበር፤ ግን እንዳይበሰብስ የተቃጠለ ዘይት ይቀባል፣ ጥርስ የሚያወጣ ቡችላ ደግሞ ያገኘውን ያኝካል። የሽቦው ቀዳዳ ከታች 5 ሳንቲ ሜትር ነው። የ10ሩ ዋጋው ይቀንሳል፣ ነገር ግን ቡችላው ጭንቅላቱን ያስገባና መመለስ ያቅተዋል። ሽቦው መሬት ላይ ሲደርስ አያልቅም፤ 40 ሳንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ታጥፎ ድንጋይ ተጭኖበታል። ቡችላ የሚቆፍረው አጥሩ ሥር ተለጥፎ ነውና ሽቦ ሲነካው ይተወዋል።

ዋናው ጥበቡ ያለው ጥግ ላይ ነው። አንዱን ማዕዘን በላሜራ ከልሎ፣ ቡችላው ብቻ ተጎንብሶ የሚያልፍበት 20 በ25 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ አወጣለት። የቀን ማረፊያውም ምግቡም እዚያ ነው። ይህ ከሌለ በጎቹ ምግቡን ይሻሙታል፣ እሱም በምግቡ ማጉረምረም ይጀምራል፤ በበግ ላይ ማጉረምረም የለመደ ቡችላ ደግሞ ውሎ አድሮ ይነክሳል። ቡችላው ሲያድግ ቀዳዳው እንዲሰፋ በሁለት ብሎን የምትላቀቅ ላሜራ ገጥሞበታል። ይህቺን እኛ አላዘዝናትም!

ብየዳው ካለቀ በኋላ አንድ እፍኝ የበግ ፀጉር ይዞ ፍሬሙን ከላይ እስከ ታች አበሰው። ፀጉሩ የተያዘበት ቦታ ሁሉ በግራይንደር ተላገ፤ እኛ በእጃችን ዳስሰን ለስላሳ ነው ያልነው ቦታ ሳይቀር። ሽቦ ሲበየድ ከዝገት የሚከላከለው የዚንክ ሽፋን ስለሚቃጠል መጀመሪያ የሚዝገው ብየዳው ላይ ነው፤ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) ቀብቶ ሳይደርቅ ቡችላ እንዳናስገባ አስጠነቀቀን።

በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል። ባልዲ ይዞ የሚገባ ሰው በጉልበቱ ገፋ ሲያደርገው በጎቹም ቡችላውም ሾልከው አይወጡም። መቀርቀሪያው በራሱ ክብደት የሚወድቅ ፌሮ ነው።

ግርግሙን ከመሬት ከፍ አድርጉ። አዙሪት (በጉን የሚያዞረው የአንጎል በሽታ) የሚመጣው በውሻ ኩስ ላይ ካለ የኮሶ ትል እንቁላል ነው፣ ድርቆሽ መሬት ላይ ሲበተን ደግሞ በጎቹ ከኩሱ ጋር ይበሉታል። ለውሻ ጥሬ የበግ ጭንቅላት አትስጡ፤ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ በክብደቱ ተለክቶ ፕራዚኳንቴል የተባለው የኮሶ መድኃኒት ይሰጠው፣ ኩሱም በየቀኑ ይዛቅ። የእብድ ውሻ ክትባት ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው ነው።

አጥሩ የቀን ነው። ጅብ ባለበት አገር ማታ ሁሉም ወደ ጉረኖው ይገባል።

አንድ ቅሬታ አለን፦ ሥራ ስለሚበዛበት ቀጠሮ ይገፋል። ቡችላውን ከማምጣታችሁ ቢያንስ ከወር በፊት ንገሩት።